ዝንጀሮ ገደልን ማን ሰጠ

እኔ ርስት ኖሮኝ አያውቅም። አባቴም አልነበረው፣ አያቴም። በኛ አገር እስላምና እጀ ሠሪ በሰው መሬት ላይ ጎጆ ይቀልስ ይሆናል እንጂ «ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ወንዝ የኔ ነው» ሲል ተሰምቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ነኝ። ስሜ የሱፍ ነው፤ ከደብረ ታቦር ገበያ ግርጌ ኮርቻ እሰፋለሁ። ባላገሩ ኮርቻውን ሊያሠራ ሲመጣ በፊቴ «የሱፍ ወንድሜ» ይለኛል፤ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ሲል «ያ ፋቂ» ይለኛል። ጆሮዬ ደህና ነው፤ እሰማለሁ።

ታዲያ ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በሠላሳ ዓመተ ምሕረት በጋ፣ በአሥራ አንድ ቅዳሜ እልፍ አገር ተሰጠኝ። በመጨረሻው ሰው አለቀበት። ካለቁት አንዷ የወዳጄ የእሸቴ ሚስት ውዴ ነበረች። የሰዎቹን ደም ያመጣው አፌ መሆኑን ለእሸቴ እንዴት አድርጌ እንደምነግረው ሳሰላስል ሦስት ዓመት ኖርሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ዝምታ ነቀዘ።

ነገሩ የእንቆቅልሽ ነገር ነው። ጨዋታውን የማያውቅ አለ አልልም፤ ግን ዛሬ ከመጽሐፍ በቀር የማያውቅ የከተማ ልጅ በዝቷልና ልናገር። እኔ «እንቆቅልህ» እልሃለሁ፤ አንተ «ምን አውቅልህ» ትለኛለህ። እጠይቅሃለሁ። ካወቅኸው ተራው ያንተ ነው። ካላወቅኸው «አገር ስጠኝ» እልሃለሁ፤ ያን ጊዜ አገር መስጠት ግዴታህ ነው። «ጎንደርን ሰጠሁህ» ትላለህ። እኔም «ጎንደር ገብቼ ምን አጥቼ!» ብዬ በሰጠኸኝ አገር ያለውን ሁሉ እቆጥርብሃለሁ፤ ጠጁን፣ ፍሪዳውን፣ አዳራሹን። አንተን ከደጅ ከውሻ ጋር አስቀርሃለሁ። አገሩን ባሳመርሁት ቁጥር አንተ ታንሳለህ። ልጆች ማታ ማታ የሚጫወቱት ነው፤ ማንንም ገድሎ አያውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት ገበያው ሳስቶ ነበር። አገሩ ሸፍቷል፤ ባላገሩ እህሉን ከማውጣት መቅበርን መርጧል። የከተማው ሹም የነበረው ካፒቴን ሕዝቡን ወደ ገበያው የሚመልስ ዘዴ ፈለገ መሰለኝ፣ አንድ ቅዳሜ ከገበያው መካከል የጥይት ሣጥን ደርድረው መድረክ ሠሩ። አስተርጓሚው ጌጡ የቆርቆሮ መለከት በአፉ ላይ ደግኖ «እንቆቅልሽ ያሸነፈ አምስት ነጥር ስኳርና ሳሙና ይሸለማል! ያሸነፈ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመለሳል፤ እስኪሸነፍ ድረስ ቦታው የሱ ነው!» ብሎ ለፈፈ። ማን ይውጣ? ሁሉ መሬት መሬት አየ። ወታደሮቹ አራት ሰው ጎትተው አወጡ። አንዱ እኔ ነበርሁ።

በግድ ነው የወጣሁ ስል ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ከሁለተኛው ቅዳሜ ጀምሮ በእግሬ ነው የሄድሁ፤ ያውም ጥምጥሜን አጥቤ።

መጀመሪያ የገጠመኝ የፋርጣ ባለ ርስት ነበር፤ ኩታው እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ የኮርቻ ዋጋዬን በ«ነገ» ሲያመላልሰኝ የኖረ ሰው ነው።

«እንቆቅልህ!» አልሁት።

«ምን አውቅልህ» አለ፤ ወደ ሌላ እያየ።

«ሲኖር ሣር በላ፣ ሲሞት ሰው ጠራ።»

አሰበ። አላበው። ገበያው ሁሉ ያየዋል። እኔ ቆዳ ስፍቅ የምውል ሰው፣ የነጋሪት ቆዳ ስንቱን በሬ እንደሚፈጅ አውቃለሁ፤ እሱ ደግሞ ነጋሪት ሲመታ ከመስማት በቀር ምን ያውቃል!

«አላወቅሁም» አለ።

«አገር ስጠኝ!»

ይህን ቃል ያኔ እንዴት እንዳልሁት ብነግራችሁ ታፍሩልኛላችሁ። ከሆዴ ነው የወጣ። ባለ ርስት በሕዝብ ፊት ጎንበስ ብሎ «ጎንደርን ሰጠሁህ» አለኝ። ለኔ! አፈር ለማይገባኝ ለፋቂው! ጎንደር ገባሁና ምንም አላጣሁም፤ ቤተ መንግሥቱን ተከራየሁ አላልሁም፣ ወረስሁት። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ካፒቴኑ ራሱ ስኳሩን በእጁ ሰጠኝ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጎጃምንና ላስታን ወሰድሁ። በሦስተኛው ስሜንን፣ ወሎን፣ በጌምድርን እንዳለ። እየወጣ የሚገጥመኝ ሁሉ አገሩን አስረክቦኝ ይወርዳል። «የሱፍ መጣ» እየተባለ መንገድ ይለቀቅልኝ ጀመር። ከገበያው ያልቀረ ሰው የለም፤ የእስቴውም፣ የደራውም እኔን ሊያይ ይመጣል። ኮርቻ የሚያሠራም በዛ፤ ዕዳውን የከፈለኝም አለ። ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በአምስተኛው ቅዳሜ ጌጡ መለከቱን አንሥቶ አዲስ ሕግ ተናገረ። «ካፒቴኑ ያሉት፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ አገር አይደገምም! ተቀባዩም አገሩን በደንብ ያላሳመረ እንደሆን ስኳሩ ግማሽ ነው!» ከመድረኩ ግርጌ ጠረጴዛ ተደርጎ አንድ ጸሐፊ ተቀመጠ፤ የተሰጠው እንዳይደገም መዝጋቢ ነው ተባለ። እኔ ይህን እንደ ክብር ቆጠርሁት። ማታ ለሚስቴ ለዘሀራ፣

«ፈረንጁ ባህላችንን ወደደልን» አልኋት።

«ወላሂ አንተን ነው የወደደ» አለችኝ። ነገሯ አልገባኝም።

አገር እንዳይደገም ሲባል ትልቁ ሁሉ ቶሎ አለቀ። ጋይንት ሄደ፣ ስማዳ ሄደ፣ እስቴ ሄደ፣ ፎገራ ሄደ። ከዚያ ወዲያ የሚሰጠኝ ቀበሌና ወንዝ፣ መሻገሪያ መልካና አምባ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይወድቅ ነበር፤ ያላየውን መልካ በምን ያሳምረዋል? እኔ ግን ከገሳይ አልፌ ባላውቅም አገሩን ሁሉ አውቀዋለሁ። ኮርቻ ይነግረኛል። እርካቡ በአንድ ጎን ሲበላ ባለቤቱ ቁልቁለት ይዞ ይውላል ማለት ነው፤ ጠፍሩ ከበሰበሰ ወንዝ ይሻገራል። የቀረውን ባለቤቱ ራሱ ይነግረኛል፤ እኔ ወስፌዬን ይዤ ስጎነበስ ሰው ሆዱን ይከፍትልኛል። እሸቴ «ለነፍስ አባቴ ያልነገርሁትን ላንተ ነገርሁ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። የትኛው መልካ በነሐሴ ይሞላል፣ የትኛው አምባ በስተኋላ መውጫ አለው፣ ሁሉን በእምነት የሰጡኝ ነው። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ በመለከት አወጣሁት።

ከስምንተኛው ቅዳሜ በኋላ ዘሀራ ስኳሩን ሳይፈታ መልሳ ከፊቴ አስቀመጠችው።

«ጸሐፊውን አይተኸዋል?» አለች።

«ምን ሆነ?»

«እንቆቅልሹ ሲጠየቅ ብዕሩን ያስቀምጣል። አገሩን ስታሞግስ ነው የሚጽፍ።»

«ታዲያ እንዳይደገም ነዋ!»

«ስሙን ለመጻፍ ያን ሁሉ ወረቀት ምን ያደርግለታል? ያለፈው ቅዳሜ ያሞገስኸው መልካ ላይ ትናንት ኬላ ቆሟል። ጨው የጫኑት ሰዎች ሲናገሩ ሰምቻለሁ።»

ጮህሁባት። «ጣሊያን በአውሮፕላን የመጣ ሰው መልካ ለማግኘት የኔን አፍ አይጠብቅም! አንቺ ባልሽ ሲከበር ዓይንሽ ይቀላል!» አልኋት። ጎረቤት እስኪሰማ ነው የጮህሁ። ዘሀራ ከዚያን ቀን ወዲህ ያን ስኳር በእጇ አልነካችም። የዚያን ጊዜ የጮህሁት ልክ ስለነበረች እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔም ሳላውቀው አልቀረሁ።

እሸቴ የገሳይ አካባቢ ገበሬ ነው። ከባላገሩ ሁሉ በፊቴም በኋላዬም «ወንድሜ» የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። በመስከረም ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ። ታኅሣሥ ላይ በገበያ ግርግር መሐል፣ ገብስ እንደሚሸጥ ሰው ስልቻ ተሸክሞ ወደ ሱቄ መጣ። ከስልቻው ውስጥ ያወጣው ኮርቻ ነው፤ ጎኑ ተፍቆ ተፍቆ እንጨቱ ወጥቷል።

«ምን ነካው?» አልሁት።

«ዝንጀሮ ገደል። የበስተኋላው መንገድ ጠባብ ነው፤ በቅሎዋ ስታልፍ ቋጥኙ ይፍቀዋል።»

«ዝንጀሮ ገደል ደግሞ መንገድ አለው?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው ባዶ ገደል ይመስለዋል። ከሾላዋ ሥር ምንጭ አለች። ከምንጯ በላይ ዋሻ አለ። መንደሩን ባቃጠሉት ጊዜ ውዴንም እናቴንም ጎረቤቱንም እዚያ ነው ያስገባኋቸው። ላንተ ነው የምነግርህ።»

ኮርቻውን ጠገንሁለት፤ ዋጋ አልተቀበልሁትም። ለውዴ ያን የተጠላውን ስኳር ሰጠሁት። ይህን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይቃጠላል።

አሥራ አንደኛው ቅዳሜ ጥር ላይ ዋለ። የገጠሙኝ አያ ሙላቴ ነበሩ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ገብስ ሻጭ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ከሚስታቸው ከአሰለፈች ጋር በየሳምንቱ ከገብስ ተራ ጫፍ ላይ የሚቀመጡ ሰው ናቸው። ማንም አላስገደዳቸውም። «ሳሙናው ለአሰለፈች ይሁን» እያሉ እየሳቁ ወጡ። የመጀመሪያዬን አወቁብኝ፤ እኔም የሳቸውን አወቅሁ። ሁለተኛዬንም አወቁ። ያን ጊዜ ፈራሁ፤ ሽንፈትን ፈራሁ።

«እንቆቅልህ!» አልሁ።

«ምን አውቅልህ!»

«ጎንበስ ብላ ትገባለች፣ ሜዳውን ራቁቱን ታስቀረዋለች።»

አያ ሙላቴ አሰቡ። ጎርፍ አሉ፣ አይደለም አልሁ። አንበጣ አሉ፣ አይደለም አልሁ። ሦስተኛ ሙከራ የለም።

«ማጭድ!» ስል ገበያው ፈነዳ። ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው የያዙትን ነውና ያላወቁ፣ ራሳቸውም ሳቁ፤ ግን አፍረው ነበር።

«አገር ስጡኝ!» አልሁ።

ዙሪያውን አዩና ብድራቸውን መለሱ። «ዝንጀሮ ገደልን ሰጠሁህ! ለፋቂ ቁርበት ማስጫ ይሆናል!»

ያን ያህል ሳቅ በዚያ ገበያ ሰምቼ አላውቅም። ወታደሮቹ ሳይገባቸው ሳቁ። ባለ ርስቶቹ እንባቸውን ጠረጉ። አሥር ቅዳሜ ሙሉ የተሰጠኝ ጎንደርና ጎጃም ሁሉ ከእጄ ወጥቶ እዚያው ቁርበቴን ይዤ የቀረሁ መሰለኝ። ምን ነበር እኔም አብሬ ስቄ ብወርድ? ግማሽ ስኳር ነው የሚቀርብኝ። ግን አልቻልሁም።

«ዝንጀሮ ገደል ገብቼ ምን አጥቼ!» ብዬ ጮህሁ። «ከሾላዋ ሥር በጋ ከክረምት የማትነጥፍ ምንጭ አለችኝ! ከምንጯ በላይ ሃምሳ ሰው ከነከብቱ የሚያሳድር ዋሻ አለኝ! በበስተኋላ በቅሎ ከነጭነቷ የምታልፍበት መንገድ አለኝ! አያ ሙላቴን ከአፋፉ ከዝንጀሮ ጋር አስጥቻቸው፣ እኔ ከውስጥ ተንደላቅቄ እኖራለሁ!»

ሳቁ ወደኔ ዞረ። ጭብጨባው፣ እልልታው። አያ ሙላቴ ራሳቸው «በላኸኝ!» ብለው ትከሻዬን መቱኝ፤ ዋሻ ኖረ አልኖረ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ፈጥሬ ያሳመርሁት ነው የመሰላቸው። እኔ ቁልቁል አየሁ። ጸሐፊው ይጽፋል። ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ ከወረቀቱ ላይ ያያል፤ ጌጡም ከጆሮው ሥር ይተረጉምለታል። ሾላውን፣ ምንጩን፣ መንገዱን። ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ለካ ይህ ነው።

አሁን የሚከተለውን ከሁሉ የባሰ አድርጌ የምቆጥረው ነውና ልብ በሉልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ እሑድ፣ ሰኞ። ሁለት ቀን ተኩል ነበረኝ። ዝንጀሮ ገደል ያለበት ገሳይ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሄጄ «ውጡ» ማለት እችል ነበር፤ ሰው መላክም እችል ነበር። «ብሄድ ተከትለውኝ መንገዱን አሳያቸዋለሁ» አልሁ ለራሴ። «ምናልባት አልገባቸውም ይሆናል» አልሁ። «የእንቆቅልሽ አገር ማን እውነት ብሎ ይቀበላል» አልሁ። ዘሀራ «ሂድ» አለችኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ወስፌዬን ይዤ ተቀመጥሁ። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ማክሰኞ ጧት ወታደርና ባንዳ በበስተኋላው መንገድ ገባ። ወንዶቹ ለውጊያ ወጥተዋል፤ እዚያ አልነበሩም። አሥራ ዘጠኝ ሰው ሞተ፤ ሴት፣ ሽማግሌና ሕፃን ነው። ውዴን ከምንጯ ውሃ ስትቀዳ አገኟት። የእሸቴ እናት ከዋሻው ሳይወጡ ሞቱ። ወሬው ሮብ ከገበያ ደረሰ።

በዚያው ሳምንት አያ ሙላቴ ጠፉ። ጣሊያን ወሰዳቸው ያለ አለ፤ አባይን ተሻገሩ ያለም አለ። ገበያው ግን ፍርዱን ጨርሶ ነበር። «ዝንጀሮ ገደልን ማን ሰጠ? ሙላቴ ሰጠ» ተባለ። በጨዋታው ሕግ እውነት ነው፤ ሰጪው ተሸናፊው ነው፣ እኔ ተቀባይ ነኝ። መድረኩ ሥር ቆሞ የኔን ጩኸት የሰማ ሕዝብ ይህን አለ። አንዱ ሲለው ሌላው ተቀበለ። እኔም ሰማሁ፤ ዝም አልሁ። ይልቁንም እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደረቴ ቀለል አለኝ።

ዓርብ ከሰዓት ጌጡ ሁለት ወታደር አስከትሎ ከሱቄ መጣ። «ነገ እንዳትቀር። ካፒቴኑ ደስ ብሏቸዋል፤ አቡጀዲ ጨምረውልሃል» አለኝ። ሄድሁ። ገጣሚዬ ታደሰ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ጎትተው ነው ያወጡት።

«እንቆቅልህ» አለኝ።

«ምን አውቅልህ።»

«ብረግጠው አይጮህ፣ ብሮጥ አላመልጠው።»

ጥላ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። «አላውቅም» አልሁ። በዚህ የምገላገል መስሎኝ ነበር፤ ተሸንፎ መውረድ፣ ዳግመኛ አለመጠራት። የረሳሁት ነገር ግን ነበረ።

ታደሰ «አገር ስጠኝ» አለ።

አሥራ አንድ ቅዳሜ ስቀበል የኖርሁ ሰው ነኝ፤ መስጠትን አላሰብሁትም። የማውቀው አገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አፌ መጣ። አምባ ስል እዚያ የተደበቀ ሰው ይታየኛል፤ መልካ ስል የሚሻገር ሰው። ጸሐፊው ብዕሩን ነክሮ ይጠብቃል። ካፒቴኑ ወደ ፊት ዘንበል አለ።

«ሮማን ሰጠሁህ!» አልሁ።

መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ሳቀች። ከዚያ ገበያው እንዳለ ተነሣ። ታደሰ «ሮማ ገብቼ ምን አጥቼ» ብሎ ጀመረና ወታደር በሰደፍ አስቀመጠው። ጌጡ ሊተረጉም ዳዳው፤ አላስፈለገም። አርባ ጅራፍ እዚያው መድረኩ ላይ ተገረፍሁ፤ ሰባት ወር መንገድ ሥራ ድንጋይ ፈለጥሁ። እንቆቅልሹም ቀረ።

ስወጣ ጀግና ሆኜ ተገኘሁ። ፊት ለፊት የሚያገኘኝ ሁሉ «ሮማን የሰጠው!» ይለኛል፤ «ያ ፋቂ» ማለት ቀረ። ጅራፉ ሲያርፍብኝ ስለ ውዴ የምገረፍ መስሎኝ ትንሽ ቀሎኝ ነበር። ግን ስለ ውዴ ማንም አልገረፈኝም። አሰለፈች ከገብስ ተራው ጫፍ ብቻዋን ትቀመጣለች፤ የከዳተኛ ሚስት ናትና ከሷ የሚሸምት የለም። እሷ ዘንድ ዘሀራ ብቻ ትሸምታለች፤ ከቤታችን ገብስ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። እኔ በዚያ በኩል አላልፍም፤ ዞሬ ነው የምሄድ።

ጣሊያን ደብረ ታቦርን ለቆ በወጣ ሰሞን እሸቴ መጣ። ጠጉሩ እስከ ትከሻው ወርዷል፤ ከስቷል። አቅፎ አልለቀኝም። ከሱቄ ተቀመጠና ስለ ሮማ ሰምቶ ጫካ ውስጥ እንዴት እንደሳቁ አወራኝ። ዘሀራ ወተት አቀረበችለት፤ በትከሻው አሻግራ አየችኝና ገባች።

«ውዴን ተበቅያታለሁ» አለኝ እሸቴ ድንገት።

«ማንን?»

«ሙላቴን። ያን ከሃዲ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከአውድማው ላይ አንሥቼ ወሰድሁት። በገዛ እጄ ነው።»

ሦስት ዓመት ሙሉ አባይን ተሻግረዋል እያልሁ ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ።

«አንድ ነገር ግን አላስተኛ አለኝ» አለ። «ሊሞት ሲል 'ባዶ ገደል ነው የሰጠሁ፤ የሱፍን ጠይቁት' አለ። ሞት የመጣበት ሰው ምን የማይል አለ ብዬ ነው... አልጠየቅሁህም። አሁን ልጠይቅህ። ምን ማለቱ ነው?»

«አዎ፣ ከዳተኛ ነበር» ብዬ ብናገር ያምነኝ ነበር፤ ዓይኑ እንድለው ይለምነኝ ነበር። እንዲያውም ለሱ ማዘን መስሎ ታየኝ፤ የንጹሕ ሰው ደም በእጁ እንዳለ ባያውቅ ይሻለው ይሆን ብዬ። ነገር ግን ይህ እንደ ሁልጊዜው ለራሴ ማዘን ነበር።

«እውነታቸውን ነው» አልሁት። «ባዶ ገደል ነው የሰጡኝ። ምንጯን፣ ዋሻውን፣ መንገዱን የተናገርሁ እኔ ነኝ። የሳቁብኝ ጊዜ ነው። አንተ የነገርኸኝን ነው የተናገርሁ። ሁለት ቀን ተኩልም ነበረኝ፤ አልመጣሁም።»

ጠመንጃው ከጭኑ ላይ ነበር። ያንሣው ብዬ ጠበቅሁ። አላነሣውም። ወተቱን አስቀመጠ።

«ለውዴ አልቅሼ ጨርሻለሁ» አለ። «ለአያ ሙላቴ ገና ልጀምር ነው።» አንቱታውን ሲመልስላቸው ሰማሁ። ከዚያ ተነሣና፣ «ቅዳሜ ድንጋይ ተሸክመን ከአሰለፈች ፊት እንወድቃለን። አንተም ትናገራለህ፣ እኔም እናገራለሁ» አለኝ።

ቅዳሜ ገበያው በሞላ ጊዜ ሁለታችንም የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ በማጅራታችን ተሸክመን ሽማግሌዎች አስቀድመን በገብስ ተራው ገባን። ሕዝቡ እኔን ሲያይ «የሱፍ! እንቆቅልህ በለን!» እያለ ይስቅ ጀመር፤ ጨዋታ መስሎታል። ከአሰለፈች ፊት ተንበርክኬ ተናገርሁ። በዚያ መድረክ ላይ የጮህሁትን ያህል ጮህሁ፣ ማንም አልሰማሁም እንዳይል። ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ እየሞተ ሄደ። ከኔ ቀጥሎ እሸቴ «የገደልኋቸው እኔ ነኝ» አለ።

አሰለፈች እጇን ከገብሱ ውስጥ አላወጣችም። እሸቴን አየችው።

«አንተ ሚስትህን ቀብረሃል፤ ተነግሮህም ነው ያጠፋኸው። ድንጋይህን አውርድ። ስለ እግዚአብሔር ብያለሁ» አለችው። ሽማግሌዎቹ አወረዱለት፤ ተደፍቶ አለቀሰ።

ወደኔ ዞረች።

«ይኸ አፍህ ሦስት ዓመት የት ነበር?»

ገበያው እንዳለ መልሴን ጠበቀ። ስንት ጥያቄ በዚያ ስፍራ መልሻለሁ። ይህን ልመልስ አልቻልሁም። እሷም አልደገመችውም፤ ቁናዋን አንሥታ ከፊቷ ለቆመችው ሴት ገብስ መስፈር ጀመረች። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ፣ አሰለፈች ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ፣ ሽማግሌዎች አዝነውልኝ ድንጋዩን ከማጅራቴ አወረዱት። እሷ ግን አውርድ አላለችኝም፤ እስከ ዛሬ።